በክርክር የተነቀለ ቡና

እኔ በአካል ከሰው ጋር ተጣልቼ አላውቅም። ጎረቤታችን የልብስ እጣቢዋን በራችን ላይ ስትደፋ "እንደምን አደርሽ" ብዬ ዘልዬ አልፋለሁ። ሚኒባስ ውስጥ እግሬን የረገጠኝን ሰውዬ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ "አስተያየት ያለው" ሲባል ቀና ብዬ ጣሪያውን ስለምመረምር፣ አዲስ የመጣ ሠራተኛ ቤቱ ሊፈርስ ነው ብሎ ይሰጋል። ስልኬን ከኪሴ ሳወጣ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። ፌስቡክ ላይ አንድ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዜና ይለጠፍ እንጂ፣ ከማላውቀው ሰው ጋር ጉሮሮ ለጉሮሮ እንተናነቃለን።

ባለቤቴ ረህማ ይህን በሽታ ትለዋለች። "ሴትዮዋን እጣቢ አትድፊብን ማለት ያቃተህ ሰው፣ አገሩን እንኳ የማታውቀውን ሰውዬ 'ደንቆሮ' ትለዋለህ?" ትለኛለች። እኔም "እሷ እጣቢ ነው የደፋችው፤ እሱ ግን ጨረቃ ላይ ሰው አልወጣም እያለ ነው" እላታለሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ ላስረዳት ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ጊዜው ጅማ ውስጥ ስልክ ያልያዘ ሰው የማይታይበት፣ ኔትወርክ ያለው ሰው ደግሞ የማይገኝበት ጊዜ ነበር። እኛ ሰፈር፣ ጊንጆ ጉዱሩ፣ ኔትወርኩ ደህና የሚሆነው ግቢያችን ካለው አቮካዶ ሥር ብቻ ነው። ስለዚህ የዓለምን የሳይንስ ችግር ሁሉ የፈታሁት ቆሜ፣ አንገቴን አዘንብዬ፣ አንድ እጄን ግንዱ ላይ ጣል አድርጌ ነው። ጎረቤቶቻችን አቮካዶው እንዳይሰረቅብን የምጠብቅ ይመስላቸው ነበር። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠራተኛው አንድ ለአምስት ይደራጅ ሲባል፣ እኔ አንድ ለአምስት ሺህ ተደራጅቼ ሰንብቻለሁ።

ያልተከራከርኩበት ነገር የለም። መኪና በውኃ ይሄዳል፣ አይሄድም። ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ መብረቅ ይጠራል፣ አይጠራም። ሮቦት ስብሰባ ይመራል፣ አይመራም፤ በዚህኛው ላይ ከመሥሪያ ቤታችን ልምድ ተነሥቼ እስካሁንም ሲመራን ቆይቶ ይሆናል ብዬ ነበር። ስለማውቀው ነገር የተከራከርኩበትን ቀን ግን አላስታውስም። የማውቀው ነገር ትንሽ ነው፤ እሱም ቢሆን ተቃዋሚ የለውም።

ዋናው ባላጋራዬ ራሱን "ሀቅ ብቻ" ብሎ የሚጠራ ሰው ነው። ፎቶው ላይ ያለው ንስር ነው። የት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚሠራ፣ ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ ያኔም አላውቅም፣ ዛሬም አላውቅም። የማውቀው እኔ አዎ ያልኩትን ሁሉ እሱ አይደለም እንደሚል ነው። እናቴ ሳትደውል ስትሰነብት ከሚጨንቀኝ ይልቅ እሱ ሳይቃወመኝ ሲሰነብት ይበልጥ ይጨንቀኝ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን፣ ሳይንቲስቶች ከበሬ ላይ ቅንጣት ሕዋስ ወስደው፣ በሬው ሳይታረድ፣ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ሥጋ አሳደጉ የሚል ዜና ተለጠፈ። ከሥሩ አገር ተተራመሰ። አንዱ በፆም ይበላል ወይ አለ። ሌላው ቢስሚላህ የሚባለው ለበሬው ነው ለብርጭቆው ብሎ ጠየቀ። ሀቅ ብቻ ደግሞ እንደ ልማዱ መጣና፣ "ሥጋ ያለ በሬ ተረት ነው" አለ። እኔ ሕዋስ እንዴት እንደሚባዛ፣ ትምህርት ቤት ከቀረኝ ሦስት አራት ቃል ላይ ሃያ ጨምሬ አስረዳሁት። እሱም "አንተ የጅማ ሰው ነኝ ብለሃል፤ ነገ ደግሞ ቡና ያለ ዛፍ ይበቅላል በለን" ብሎ መለሰልኝ።

ልብ በሉልኝ፤ እዚህ ላይ "እሱን አላነበብኩም" ማለት ይቻል ነበር። ግን ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ንስሩም ያየኛል። "አዎ፣ ይበቅላል" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ጣቴ እምቢ አለኝ። ሥጋን የሠራ ቡና አያቅተውም አልኩ። ነጮቹ በጥቂት ዓመት ቡናቸውን በበርሜል ያበቅላሉ፤ መርከብ አይጠብቁም፣ ዝናብ አይጠብቁም አልኩ። ያኔ የዛፍ ቡና ማገዶ እንጂ ሌላ አይሆንም አልኩ። ይህም አልበቃኝ ብሎ፣ "እኔ ቡና አብቃይ ብሆን ዛሬ ነገ ሳልል ነቅዬ ሌላ ነገር እተክላለሁ" ብዬ ዘጋሁት። ይህን ስጽፍ በሌላ እጄ የቡና ስኒ ይዤ ነበር።

ሀቅ ብቻ ረጅም መልስ ጻፈ። አሁን ሳስበው ጥሩ መልስ ነበር። ሥጋው ራሱ ገና ለሙከራ የተሠራ እንደሆነ፣ ስለ ቡና ግን ማንም ምንም እንዳላለ፣ ሰው ያላየውን ነገር ይዞ ገበሬን ንቀል ማለት ነውር እንደሆነ ዘርዝሮ ጽፏል። እኔ "ኋላ ቀር" ብዬ የሚስቅ ፊት ደረደርኩበት። ላይኩ ጎረፈልኝ። እሱ ዝም አለ። በማግስቱ መሥሪያ ቤት "ፕሮፌሰር" ብለው ሲጠሩኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አሁን ስለ አማቴ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያረፈው እሳቸው ላይ ነውና። የረህማ አባት አባ ዲጋ ይባላሉ። ከሊሙ ገነት ወጣ ብሎ፣ ዋንዛ ጥላ ሥር ያለ የቡና ማሳ አላቸው። ቡናውን የተከሉት አባታቸው ናቸው። የቡና ዋጋ ሲወድቅ፣ በሽታ ሲገባ፣ ጎረቤቱ በሙሉ እየነቀለ ጫት ተከለ። አባ ዲጋ ግን እምቢ አሉ። የመጨረሻ ልጃቸው ነዚፍ፣ ሊሙ ገነት ላይ ባጃጅ የሚነዳው፣ ለዓመታት "አባዬ፣ ጫት ይሻለናል" እያለ ለምኗቸዋል። ሽማግሌ ልኮባቸዋል። "አባቴ የተከለውን እኔ አልነቅልም" ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልሰጡም። ቤተሰቡ የሚበላውም የሚለብሰውም ከዚያ ማሳ ነው፤ ረህማም የተማረችው በዚያው ነው።

የክርክሬ ድል ገና ሳይበርድልኝ ነዚፍ ደወለ። "ሶዳ" አለኝ፤ አማች ማለቱ ነው፣ ስሜን ጠርቶ አያውቅም። "አባዬ ቅዳሜ ደቦ ጠርተዋል። ስላንተም 'እሱ እንዳይቀር፣ ሌላው ቢቀር ግድ የለኝም' ብለዋል።"

ደስ አለኝ። ከተሜ አማች ለደቦ ተፈልጎ ሲጠራ መከበሩ ነው። የበልጉ ዝናብ ጥሎ ቡናው ያበበበት ሰሞን ስለነበር ለአረም ይሆናል ብዬ ገመትኩ። አሮጌ ሸሚዜን ይዤ ከረህማ ጋር ሄድን። መንገዱን ሙሉ ስለ በርሜል ቡናው ሳወራት እሷ በመስኮት ነበር የምታየው።

ስንደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። በግ ታርዷል፣ ሴቶቹ ድስት ጥደዋል፣ ሽማግሌዎች ዋንዛው ሥር ተቀምጠዋል። ማሳው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ለብሷል፤ ሽታው ከመኪናው ሳንወርድ ነበር የተቀበለን። ወንዶቹ ግን የያዙት ዶማና መጥረቢያ ነው።

"ነዚፍ፣ ለአረም ይህን ያህል መጥረቢያ ምን ያደርጋል?" አልኩት።

"ሶዳ፣ አንተ ቀልድ ትወዳለህ" አለና ሳቀ። ከዚያ እያቀፈኝ ነገረኝ። ክርክሬን ከስልኩ ላይ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰ ለአባቱ አንብቦላቸዋል። ድገመው ብለውት ደግሞላቸዋል። "የግብርና ሰው መጥቶ ያልሰሙት ሰውዬ ያንተን ሰሙ። ሰንብተው ጠሩኝና፣ 'ይሄ ልጅ ይህን ሁሉ ዓመት ቤቴ ሲገባ ሲወጣ አንድ ቀን ቃል ሲያበዛ አልሰማሁትም። እሱ እንዲህ ካለ እውነት ነው። ማል ጎና፣ ምን እናደርጋለን፣ ንቀሉት' አሉ። ዋላሂ ሶዳ፣ እኔ ስንት ዓመት ያቃተኝን አንተ በአንድ ቀን ጨረስክልኝ።"

አባ ዲጋ ፊት ዝም የምለው አማት ስለሆኑ ነው። እኛ ዘንድ አማች አማቱ ፊት ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ የተናገሩትን አያርምም፣ ሲጠየቅ ባጭሩ ይመልሳል። ለካ እሳቸው ያን ዝምታዬን በዕውቀት ቆጥረውልኝ ኖረዋል።

"ነዚፍ፣ ስማኝ፣ ያ እኮ ክርክር ነው" አልኩት።

"ዋሽተህ ነው?"

"ዋሽቼ አይደለም። ስከራከር ነው።"

"ልዩነቱን ሄደህ ለአባዬ ንገራቸው" አለኝና ዶማ አቀበለኝ። ልዩነቱን እኔም አላገኘሁትም።

ረህማን ከሴቶቹ መሀል ጠርቼ ከቤቱ ጀርባ ወሰድኳት። አባትሽን አንቺ ብትነግሪያቸው አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ እሷ ቀድማ ሰምታለች።

"ምን ብዬ? 'ባሌ ያላየውን ጽፎ፣ እናንተም በሱ ቃል ጎረቤት ጠርታችሁ በግ አረዳችሁ' ልበላቸው? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?" አለች። "ደቦ ተጠርቶ ይመለስ ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? ከዚህ በኋላ አባቴ ሰው ቢጠሩ ማን ይመጣል? ለማታውቀው ሰው ስንት ገጽ የጻፍክ ሰውዬ፣ ለአባቴ አንድ ነገር ራስህ ተናገር።" ጥላኝ ሄደች። እውነቷን ነው፤ ብናገርም ዝም ብልም ውርደት ነው፤ ብናገር ግን ቡናው አይነቀልም።

እዚያው እንደቆምኩ አንድ ብልሃት መጣልኝ። የሀቅ ብቻ መልስ አለ አይደል? እሱን ለነዚፍ አስነብቤ፣ "አዲስ ዜና ወጥቷል፣ ነገሩ ተለውጧል" ብል አማቴን አረምኩ አይባልም፤ ያረማቸው ዜናው ነው። ከመንደሩ በላይ ያለውን ጉብታ እየሮጥኩ ወጣሁ። ስልኬን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ከዛፍ ዛፍ ስዞር የሚያዩኝ የደቦ ሰዎች፣ ፕሮፌሰሩ ዝናብ እየለካ ነው ብለው ሥራውን ሳይጀምሩ እንዳይተዉት ፈራሁ፤ ቢተዉት እንዴት በወደድኩ።

ኔትወርኩ ብቅ አለ። ክርክሩን ፈልጌ አገኘሁት። የእኔ ጽሑፍ አለ፣ የሚስቁት ፊቶች አሉ፣ የእሱ መልስ ግን የለም። አጥፍቶታል። በሕይወቴ ማንንም እንደዚያ ለምኜ አላውቅም፤ "ወንድሜ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ ስለ ቡና የጻፍከውን መልስ እንደገና ላክልኝ፣ በጣም ቸግሮኛል" ብዬ በግል ላክሁለት። ንስሩ ወዲያው መለሰ።

"ወንድሜ፣ አትቀልድብኝ" ይላል። "አስቤበታለሁ። ልክ ነህ፣ አሳምነኸኛል። ያጠፋሁት አፍሬ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ስለሰደብኩህ ይቅር በለኝ። ቡና ያለው አንድ ዘመድ አለኝ፤ ለእሱም ነግሬዋለሁ።"

ከዚህ ሰው ጋር ስከራከር ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀሁ አላህ ያውቃል። አንድ ቀን እንኳ ተሸንፎልኝ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ተሸነፈ። "አትንገረው፣ እኔ ምንም አላውቅም" ብዬ ጽፌ ልልክ ስል ኔትወርኩ ጠፋ። መልእክቱ አልሄደም። እንደገና ሞከርኩ፣ አልሄደም። ከታች ነዚፍ ስሜን ሳይሆን "ሶዳ" እያለ ይጣራል።

ስወርድ አባ ዲጋ ማሳው ዳር ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ነጭ ጥምጣማቸውን አሥረው፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው፣ ሰዉ ሁሉ ከኋላቸው ነው። እጄን ይዘው ጥቂት እርምጃ ወደ ዛፎቹ ወሰዱኝ።

"ልጄ" አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ ሌላው እንዳይሰማ። "ይህን ቡና አባቴ ሲተክል ውኃ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ከቡናው ቀድሜ እሞታለሁ ብዬ ነበር የማስበው። ያ ነገር፣ ያለ ዛፍ የሚሠሩት ቡና፣ አንተ በዓይንህ አይተኸዋል?"

በሩን ከፍተውልኝ ነበር። "አላየሁም" ብል ያበቃ ነበር። ዘወር ስል መጥረቢያ የያዘ ጎረቤት ሁሉ ዓይኑን እኛ ላይ ተክሏል። ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ተነሥተዋል። በእኔ ቃል አገር የጠሩ ሰውዬ በእኔ ቃል አገር ሊመልሱ ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "አንብቤያለሁ፣ አባቴ" የሚል ቃል ወጣኝ። ያነበብኩት የራሴን ጽሑፍ ነው። እሱን አልተናገርኩም።

አንገታቸውን ነቀነቁ። "ጋሪ፤ መልካም" አሉ። "እንግዲያው የነገርከን አንተ ነህ፣ አንተው ጀምርልን። ቢስሚላህ በል።"

ቢስሚላህ አልኩ። እንዲህ ያለ ክብር ለአማች እንጂ ለማንም አይሰጥም። የሰጡኝ ዛፍ ከቤቱ አጠገብ ያለው፣ ትልቁ ነው። ዶማ አያያዝ አላውቅም፤ የመጀመሪያው ምቴ ድንጋይ አግኝቶ እጄን አደነዘዘኝ። ከላይ አበባው ትከሻዬ ላይ ይረግፋል። ሥሩ ቶሎ አልለቀቀም። አንድ ሁለት ሰው ሊያግዘኝ ሲጠጋ አባ ዲጋ "ተዉት፣ ይጨርሰው" አሉ፤ ክብሩ እንዳይጎድልብኝ ብለው ነው። ላብ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ስቆፍር፣ ስቆርጥ፣ ስጎትት ቆየሁ። በመጨረሻ ዛፉ ወደ ጎን ዘመመና ወደቀ። አባ ዲጋ ጎንበስ ብለው ግንዱን በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ ደቦው ሁሉ እየዘፈነ ወደ ማሳው ገባ።

በእንዲህ ያለ ቀን ሥራ ቢጓተት ምን ነበረበት። ሰዉ ግን በርትቶ ሠራ፤ የሊሙ ሰው ለጎረቤቱ ሲሠራ አይለግምም። ነዚፍ ከሁሉም በላይ ነው የቆፈረው። ከሰዓት በኋላ ማሳው ባዶ ሆነ፤ ጥላ የለመደው መሬት ፀሐይ ላይ ተሰጣ። የተነቀሉት ዛፎች ዳር ላይ ተከምረው፣ አበባቸው ገና አልጠወለገም ነበርና ያ ሽታ እንዳለ ነው። ከከተማ ይዤው የሄድኩት አሮጌ ሸሚዝ ተቀደደ፣ መዳፌ ተላጠ። "ከተሜ ቢሆንም ጎበዝ ነው" ሲሉኝ ሰማሁ። ምግብ ቀረበ። ሌላው በላ፣ እኔ ጎርሼ ማላመጥ አቃተኝ። አማት ቤት ያፍራል ብለው ትልቁን ሥጋ ወደ እኔ ገፉልኝ።

ሲጨርሱ ሽማግሌዎቹ በረድፍ ተቀመጡ። አባ ዲጋ እኔን ከጎናቸው አስቀመጡኝ፤ ይህን አድርገውልኝ አያውቁም። እጃቸውን ዘረጉ፣ ሰውም ዘረጋ። "ያ ረቢ፣ ለዚህ ልጅ ዕድሜ ስጠው" አሉ። ሰዉ "አሚን" አለ። "ሌላው ሳያውቅ ሲቀር ለእኛ ቀድሞ አየልን። ዕውቀቱን ጨምርለት።" ሰዉ "አሚን" አለ። "ቃሉን የሚሰሙ ሰዎች አብዛለት።"

ከፊታችን ያለው ባዶ መሬት ነው። ረህማ ከቤቱ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ሰው ሁሉ "አሚን" ብሎ ጨርሶ የኔን ይጠብቃል። እኔም የተላጠ መዳፌን ዘርግቼ "አሚን" አልኩ።